ትኩስ ብየዳ ላይ አትፈርሙ፦ አዲስ የብየዳ ተቆጣጣሪዎች በብረት ለበስ ተሽከርካሪ ፋብሪካ የሚሠሯቸው ስህተቶች

የድልድይ ወይም የቧንቧ ብየዳ ሲቆጣጠሩ የቆዩ ሰዎች ወደ ብረት ለበስ ተሽከርካሪ ሥራ ሲመጡ ብዙውን ነገር ያውቁታል። ችግሩም እሱው ነው። የሚያውቁት ገር ብረት ነው፤ እዚህ የሚጠብቃቸው ግን በእሳት ግሎ በፍጥነት እንዲበርድ በመደረጉ የጠነከረ፣ ብሪኔል በሚባለው የብረት ጥንካሬ መለኪያ 500 አካባቢ የሚደርስ ላሜራ ነው። ጥይት ይመክታል፤ ቸልተኝነትን ግን አይችልም።

ካየኋቸው ሁሉ የሚያበሳጨኝ በዕለቱ የተበየደውን በዕለቱ መርምሮ «አልፏል» ብሎ መፈረም ነው። ስንት ጊዜ እንዳየሁት መቁጠር ትቻለሁ። እርጥበት ከጠጣ ኤሌክትሮድ (እየቀለጠ ከሚበይደው ዘንግ)፣ ከዘይት፣ ከዝገትና ከቀለም የሚወጣው ሃይድሮጅን ወደ ቀለጠው ብረት ይገባል። ብረቱ ሲበርድ የተወሰነው መውጫ ያጣና ከብየዳው ጎን፣ ሙቀቱ ባጠነከረው ክፍል ይጠራቀማል። ብየዳው ሲኮማተር ከሚፈጥረው ውጥረት ጋር ተባብሮ ብረቱን ይሰነጥቃል። ይህ ሁሉ ሰዓታት ይፈጃል፤ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ። የአሜሪካ የብየዳ ማኅበር የብረት ሕንፃ ሥራ ደንብ፣ ዲ1.1 የሚባለው፣ እንደዚህ ባለ መንገድ ለጠነከሩ አንዳንድ ብረቶች የዓይን ምርመራው ውሳኔ ብየዳው ካለቀ ቢያንስ 48 ሰዓት በኋላ እንዲሆን የሚያዘው በዚህ ምክንያት ነው። አርባ ስምንት ሰዓት! የምርት ኃላፊው አጠገባችሁ ቆሞ ቢያጉረመርም ያጉረምርም። ስንጥቁ የማስረከቢያ ቀን አያውቅም።

ይህን የምናገረው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። በጀማሪነቴ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የተሽከርካሪ ወለል መጋጠሚያ መረመርኩ። መስመሩ ያማረ ስለ ነበር በጠመኔ ምልክቴን አድርጌ፣ ፈርሜ ወጣሁ። ሰኞ ጠዋት ለቀለም የሚያዘጋጀው ሠራተኛ አስጠራኝ። በብየዳው ጠርዝ ላይ ፀጉር የመሰለ፣ ከመዳፌ የረዘመ ስንጥቅ ነበር፤ የእኔ ጠመኔ ከላዩ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ብየዳ ያለቀበትን ሰዓት እዚያው ብረቱ ላይ አስጽፋለሁ።

ሁለተኛው ስህተት፣ በምን ኤሌክትሮድ እንደ ተበየደ ሳይጠይቁ የማግኔት መመርመሪያ ይዞ መነሣት ነው። በዚህ ሥራ ኦስተኒቲክ የሚባለው የማይዝግ ብረት ብዙ ጊዜ ለመሙያነት ይመረጣል፤ ሃይድሮጅኑን በውስጡ ይዞ ስለሚያስቀር ላሜራውን ይታደጋል። ይህ ብረት ግን በማግኔት አይሳብም። ስለዚህ በማግኔት ተስቦ ስንጥቅ የሚያሳየው የብረት ዱቄት ሁለቱ ብረቶች በሚገናኙበት ላይ ቀጥ ብሎ ይሰለፋል፤ ጀማሪው «ስንጥቅ!» ብሎ ይጮኻል። ደኅና ብየዳ በዚህ ምክንያት ተፍቆ ሲወጣ አይቻለሁ። የባሰው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ በመሙያው ውስጥ ያለው እውነተኛ ስንጥቅ ሳይታይ ያልፋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ብየዳ ወደ ስንጥቅ የሚሰርገውን ቀይ ቀለም ተጠቀሙ።

ሥራው ካለቀ በኋላ የእጅ ባትሪ ይዞ ብቅ ማለትም አለ። ላሜራው ቀድሞ በበቂ ካልሞቀ ይሰነጠቃል፤ ከልክ በላይ ከሞቀ ደግሞ ይለሰልሳል። በጣም ጠንካራ ከሆኑት ላሜራዎች ብዙዎቹ ሙቀታቸው 200 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ካለፈ የተገዙበትን ጥንካሬ ማጣት ይጀምራሉ። የለሰለሰ ብረት በዓይን አይለይም፤ መስመሩ እንዳማረ ነው፣ ጥይት የሚያስገባው ግን ያ ቦታ ነው። በአንዱ የብየዳ ድርብና ከላዩ በሚቀጥለው መካከል ሙቀቱ ሲለካ እዚያው ቁሙ።

ከመስመሩ ውጪ በስህተት የተጫረ የኤሌክትሮድ ምልክትን «ትንሽ ናት» ብላችሁ አትለፉ፤ በዚህ ላሜራ ላይ የስንጥቅ መነሻ ናት።

ስለ ምስክር ወረቀት ሁልጊዜ እጠየቃለሁ። ሲ ደብሊው አይ የሚባለው፣ የአሜሪካ የብየዳ ማኅበር ለብየዳ ተቆጣጣሪዎች የሚሰጠው ፈተና ሦስት ክፍል አለው፤ በእያንዳንዱ 72 በመቶ ማምጣት ያስፈልጋል፤ የቅርብ እይታም ይመረመራል። ደንቡን በቃል ለመያዝ የሚደክሙ ልጆች ያሳዝኑኛል፤ ሦስተኛው ክፍል መጽሐፍ ተገልጦ የሚሠራ ነው፤ የሚለካው ፈልጎ የማግኘት ችሎታ ነው። ፈተናውን ማለፍ ደግሞ የአልትራሳውንድ መርማሪ አያደርግም፤ እሱ ራሱን የቻለ ሥልጠናና ደረጃ አለው።

በመጨረሻ፣ በያጆችን እንደ ተጠርጣሪ ማየት። እኔም ጥፋት ፍለጋ የምዞር ነበርኩ። ያን የዓርብ መጋጠሚያ የበየዱት ሽማግሌ፣ ኤሌክትሮዶቹ ከማድረቂያው ምድጃ ከወጡ ግማሽ ቀን እንዳለፋቸው ያውቁ ነበር። ስንጥቁ ተፍቆ እንደ ገና ሲበየድ «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው። ጭምብላቸውን ወደ ላይ ገለጥ አድርገው «አንተ መቼ ጠየቅኸኝ?» አሉኝ።