ፕሮቲን ያጠግባል? በጾምም በፍስክም ቶሎ የማያስርብ ገበታ ስለማሰናዳት

የካሎሪ መጠናቸው እኩል የሆኑ ሁለት ምግቦች ሲነጻጸሩ፣ ፕሮቲን የበዛበት ምግብ ስኳር ወይም ስብ ከበዛበት ይልቅ የጥጋብን ስሜት እንደሚያጠናክርና የሚቀጥለውን ረሀብ እንደሚያዘገይ ጥናቶች በአብዛኛው ያሳያሉ። ስለዚህ ለጥያቄው አጭሩ መልስ አዎ የሚል ነው። ይሁን እንጂ ይህን የሰማ ሰው ብዙ ጊዜ ሐሳቡ የሚሄደው ወደ ሥጋ ወይም በውድ ዋጋ ወደሚሸጥ የፕሮቲን ዱቄት ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ማዕድ ግን ምስሩን፣ ሽምብራውን፣ ባቄላውንና አተሩን ከጥንት ጀምሮ ይዞት ኖሯል። በእኔ እምነት ከብዙዎቻችን ገበታ የጎደለው አዲስ ምግብ ሳይሆን በእንጀራውና በወጡ መካከል ሊኖር የሚገባው ሚዛን ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያንን ሚዛን እንዴት ማስተካከል እንደሚቻል ማሳየት ነው።

ጥጋብ እንዴት ይፈጠራል?

ጥጋብ ስንል ሁለት ነገሮችን ለይተን ማየት ያስፈልገናል። የመጀመሪያው እየበላን ሳለን በቃኝ የሚያሰኘንና ከገበታ የሚያስነሣን ነው፤ ይህ በአመዛኙ የሚወሰነው በምግቡ ብዛትና ክብደት፣ በውስጡ ባለው ውኃና አሰር (ፋይበር)፣ እንዲሁም በምንበላበት ፍጥነት ነው። ሁለተኛው ከተነሣን በኋላ እስከሚቀጥለው ማዕድ ድረስ የሚያቆየን ነው፤ ፕሮቲን ይበልጥ የሚያግዘውም ይህንን ነው። የተፈጨ ፕሮቲን ከጨጓራ ወደ ትንሹ አንጀት ሲወርድ፣ በአንጀት ግድግዳ ላይ ያሉ ሴሎች ጂ ኤል ፒ-1፣ ፒ ዋይ ዋይ እና ኮሌሲስቶካይኒን የሚባሉ ሆርሞኖችን ያመነጫሉ፤ እነዚህም ምግብ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወርድ ያደርጋሉ፣ ሰውነት ምግብ ማግኘቱንም ለአንጎል ያሳውቃሉ። በአንጻሩ ረሀብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለው ሆርሞን መጠኑ ይቀንሳል። በአሁኑ ጊዜ ለስኳር በሽታና ለከፍተኛ ውፍረት የሚታዘዙት እንደ ሴማግሉታይድ ያሉ መድኃኒቶች የሚሠሩት የዚሁኑ የጂ ኤል ፒ-1 ሥራ በመተካት ነው፤ ሆኖም ምግብ የሚያስከትለው ለውጥ ለአጭር ጊዜ የሚቆይና ከመድኃኒቱ ኃይል በእጅጉ ያነሰ ስለሆነ ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ተገቢ አይደለም።

ከዚህ በተጨማሪ ሰውነት ፕሮቲንን ለመፍጨትና ጥቅም ላይ ለማዋል ከፕሮቲኑ ከሚያገኘው ኃይል ውስጥ ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነውን ያወጣል፤ ለካርቦሃይድሬት የሚያወጣው ከ5 እስከ 10 በመቶ፣ ለስብ ደግሞ ቢበዛ 3 በመቶ ገደማ ነው።

ጥናቶቹ ምን ያህል ያስተማምናሉ?

በሲያትል የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ 19 ሰዎች ከምግባቸው ከሚያገኙት ኃይል የፕሮቲኑ ድርሻ ከ15 ወደ 30 በመቶ ከፍ እንዲል፣ የስቡ ድርሻም በዚያው ልክ እንዲቀንስ ተደረገ። ከዚያ የፈለጉትን ያህል እንዲበሉ ሲፈቀድላቸው ማንም ሳይከለክላቸው በቀን በአማካይ 441 ካሎሪ ያነሰ በሉ፤ በ12 ሳምንታት ውስጥም ክብደታቸው በአማካይ ወደ 5 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ቀነሰ። ውጤቱ የሚያስደንቅ ቢሆንም የተሳታፊዎቹ ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ለማንኛውም ሰው ይሠራል ብሎ መደምደም አይቻልም።

ከዚህ ይልቅ ለዕለት ኑሯችን የሚጠቅም ትምህርት የማገኘው በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተካሂዶ በ2011 እ.ኤ.አ. ከወጣው ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ 22 ሰዎችን የፕሮቲን ድርሻቸው 10፣ 15 እና 25 በመቶ በሆኑ ምግቦች ለአራት አራት ቀናት ሲመግቡ፣ ፕሮቲኑ 10 በመቶ ብቻ በሆነበት ጊዜ ሰዎቹ 15 በመቶ ከሆነበት ጊዜ ይልቅ 12 በመቶ ተጨማሪ ኃይል ከምግብ ወሰዱ፤ ትርፉም በብዛት የመጣው በማዕድ መካከል ከሚቀማመሱት ነገር ነው። ፕሮቲኑን ወደ 25 በመቶ ማሳደግ ግን የሚበሉትን አልቀነሰውም። ከዚህ የምረዳው፣ ፕሮቲን ሲያንስ ሰውነት የጎደለውን ፍለጋ እንደሚያስበላንና በቂ ከሆነ በኋላ ግን ሲጨመር ሁልጊዜ ተጨማሪ ጥጋብ እንደማያመጣ ነው። የሁለቱ ጥናቶች ውጤት ሙሉ በሙሉ አንድ አለመሆኑም መደበቅ የለበትም፤ ለረጅም ጊዜ በቆዩ ጥናቶች የፕሮቲን ውጤት እየቀነሰ መሄዱ በተደጋጋሚ የታየ ነገር ነው።

ፕሮቲን ብቻውን ሁሉንም እንደማይወስን የሚያሳየው ደግሞ በዚያው በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ በ1995 እ.ኤ.አ. የተደረገው ጥናት ነው። እያንዳንዳቸው 240 ካሎሪ ያላቸው 38 ዓይነት ምግቦች ለሁለት ሰዓት የሚሰጡት ጥጋብ ተለክቶ፣ ነጭ ዳቦ 100 ነጥብ ሲሰጠው ዓሣ 225፣ ክሯሳን የተባለው ቅቤ የበዛበት ዳቦ ደግሞ 47 አገኘ። ከሁሉም በላይ የሆነው ግን ፕሮቲኑ አነስተኛ የሆነው የተቀቀለ ድንች ሲሆን፣ 323 ነጥብ አግኝቷል። ውኃው ብዙ፣ ክብደቱ ከፍ ያለ፣ ስቡም ከምንም የማይቆጠር በመሆኑ ነው።

ፕሮቲኑ ከብዙ አሰር ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን በ2016 እ.ኤ.አ. ከኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት አመልክቷል፤ 43 ወጣት ወንዶች ከባቄላና አተር የተዘጋጀ ማዕድ ሲበሉ፣ ተመሳሳይ የፕሮቲን ድርሻ ካለው የጥጃና የአሳማ ሥጋ ማዕድ ይበልጥ ጠገቡ፤ በሚቀጥለው ማዕድም 12 በመቶ ያነሰ ካሎሪ በሉ። የጾም ምግብ አያጠግብም ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ከመጠኑ መጀመር

ለጤናማ አዋቂ ሰው የሚመከረው ዝቅተኛ የፕሮቲን መጠን በየቀኑ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 0.8 ግራም ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 48 ግራም ማለት ነው። ይህ ጉድለትን ለመከላከል የተቀመጠ እንጂ ለጥጋብ የተሰላ ስላልሆነ፣ ረሀብን ማዘግየት የሚፈልግ ጤናማ ሰው በአንድ ዋና ማዕድ ከ20 እስከ 30 ግራም ለማግኘት ቢያስብ መልካም ነው። ያልተቀቀለ 100 ግራም ምስር 24 ግራም ገደማ፣ ባቄላ 26፣ ሽምብራ 20 ያህል ፕሮቲን ይዘዋል። ምስሩ ተቀቅሎ ውኃ ሲጠጣ ግን በ100 ግራም የሚቀረው 9 ግራም ያህል ስለሆነ፣ ወጥ ከመሠራቱ በፊት እህሉን በደረቁ መለካት ይቀላል። ከፍስኩ በኩል አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ 100 ግራም አይብ 14፣ ያው መጠን ያለው ጮማ የሌለበት የበሰለ የበሬ ሥጋ ደግሞ ወደ 26 ግራም ይሰጣል።

የጤፍ እህልም በ100 ግራም 13 ግራም ገደማ ፕሮቲን ስላለው እንጀራ ባዶ ምግብ አይደለም፤ ሆኖም ከፍተኛው ድርሻው ስታርች ነው። የእህልና የጥራጥሬ ፕሮቲኖች አንዱ የጎደለውን ሌላው የሚሞላ በመሆኑ፣ ሽሮ በእንጀራ መብላት ከምግብ ጠባይ አንጻርም የሠመረ ጥምረት ነው።

ወጡን ማወፈር

ይህ ሁሉ በተግባር የሚፈተነው ሽሮ ላይ ነው። ሦስት የሾርባ ማንኪያ፣ ማለትም ወደ 30 ግራም የሚሆን የሽሮ ዱቄት ብዙ ውኃ ተጨምሮበት ሲቀጥን ድስቱ ሞልቶ ይታያል፤ የያዘው ፕሮቲን ግን 6 ግራም ገደማ፣ ከአንድ እንቁላል ጋር እኩል ነው። ቀጭን ሽሮ በእንጀራ ስለሚመጠጥ ጥቂት ወጥ ብዙ እንጀራ ይጨርሳል፤ ብዙ ሰው በምሳ ሰዓት ሁለት እንጀራ በልቶ አመሻሽ ላይ የሚርበው በከፊል ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ስለዚህ ለአንድ ሰው የሚደርሰውን ዱቄት ወደ 60 ወይም 70 ግራም ከፍ ያድርጉና እንደ ተጋቢኖ አወፍረው ይሥሩት፤ ወይም ሽሮው ቀጭን ሆኖ ከተፈለገ ከጎኑ ድፍን ምስር ወጥ፣ አዚፋ ወይም የባቄላ እልበት ያቅርቡ። ዘይቱን ግን ከወጡ ጋር አብረው አያብዙ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል ስለሚጨምር፣ የጾም ወጥ እንዲጣፍጥ ተብሎ የሚፈሰው ዘይት በጥጋብ የተገኘውን ጥቅም በቀላሉ ይወስደዋል።

ከጋራ ትሪ ሲበሉ የራስን ድርሻ መለካት አስቸጋሪ ቢሆንም፣ ሁለተኛ እንጀራ ከማንሣት በፊት ወጥ የመጨመር ልማድ ብቻውን ሚዛኑን ብዙ ይለውጠዋል። ጎመን፣ ፎሶሊያ ወይም ሰላጣ ከወጡ እኩል ቦታ እንዲይዝ ያድርጉ። የጥጋብ መልእክት ወደ አንጎል እስኪደርስ ጊዜ ስለሚወስድም፣ ዝግ ብለው እያላመጡ ይብሉ።

ቁርስና የጾም ሰዓት

ዳቦ በሻይ የበዛበት ቁርስ ቶሎ የሚያስርብ ነው፤ ሻዩ ላይ ስኳር ሲበዛ ደግሞ ይብሳል። ፉል ከአንድ ዳቦ ጋር፣ ሁለት እንቁላል ከቲማቲምና ቃሪያ ጋር፣ ወይም የባቄላና የሽምብራ ንፍሮ እስከ ምሳ የተሻለ ያቆያል። በአብዛኛው እንጀራ በእንጀራ የሚበላበትን ፍርፍር የሚወድ ሰው ምስር ወጥ ወይም በፍስኩ ቀን እንቁላል ወይም አይብ ቢጨምርበት ጣዕሙን ሳያጣ ጥጋቡን ያራዝማል።

በዐቢይ ጾም እስከ ቀትር ወይም እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው ዋናው ፈተና መጀመሪያ እህል የሚቀምስበት ሰዓት ነው። በጣም ርቦት ሲቀመጥ ቶሎ የሚዋጠው እንጀራ ወይም ዳቦ ስለሚቀድም፣ ሾርባ ወይም ጥቂት አዚፋ አስቀድሞ መቅመስ ፍጥነቱን ይገታል። በረመዳን ደግሞ ይህንኑ ሐሳብ ወደ ሱሁር ማምጣት ይገባል፤ እንቁላል፣ እርጎ ወይም ፉል ያለበት ሱሁር ነጭ ዳቦና ጣፋጭ ሻይ ብቻ ካለበት ይሻላል።

በማዕድ መካከል ለሚርበው ሰው የገብስ ቆሎው ሽምብራ ቢቀላቀልበት ጥሩ ነው። ለውዝ ፕሮቲኑ ከፍተኛ ቢሆንም ግማሽ ያህሉ ስብ ስለሆነ በእፍኝ እንጂ በሳህን አይበላም። የፕሮቲን ዱቄትን በተመለከተ፣ ምግብ በአግባቡ ለሚያገኝ ሰው አስፈላጊነቱ አይታየኝም፤ በፈሳሽ መልክ የተወሰደ ምግብም እንደሚታኘክ ምግብ አያጠግብም።

ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች

ጥራጥሬ በድንገት ሲበዛ ሆድን ስለሚነፋ መጠኑን ቀስ በቀስ ያሳድጉ፤ ባቄላና ሽምብራን አዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትም ይረዳል። ከሁሉ በላይ ግን ጓያን እጠነቀቅበታለሁ። ድርቅን ስለሚቋቋምና ርካሽ ስለሆነ በችግር ጊዜ ዋና ምግብ የሚሆን፣ ከሌላ ጥራጥሬ ጋርም ለሽሮ የሚፈጭ እህል ነው፤ ነገር ግን በብዛት ለሳምንታትና ለወራት ከተበላ በውስጡ ያለው መርዝ እግርን እስከ ወዲያኛው ሊያሽመደምድ ይችላል፣ መቁላትና መቀቀልም መርዙን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። የሽሮ ፍጆታዎን የሚያሳድጉ ከሆነ እህሉን ራስዎ መርጠው ያስፈጩ፤ ካልሆነም ምን እንደተቀላቀለበት በእርግጠኝነት ከሚያውቁት ሰው ይግዙ።

የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ከሐኪሙ ሳይመክር ፕሮቲን መጨመር የለበትም፤ በሽታው ገና ዲያሊሲስ (በመሣሪያ የሚደረግ የደም እጥበት) ያልደረሰበት ሰው እንዲቀንስ ሊታዘዝ፣ ዲያሊሲስ ላይ ያለ ደግሞ በተቃራኒው እንዲጨምር ሊመከር ስለሚችል የአንዱ ምክር ለሌላው አይሆንም። የሪህ ሕመምተኛ ቀይ ሥጋና የሆድ ዕቃ ማብዛት አይገባውም። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው የእንጀራና የዳቦ ድርሻውን በብዛት ከቀነሰ በደሙ ያለው ስኳር ከሚገባው በታች ሊወርድ ስለሚችል የኢንሱሊኑን መጠን አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ያስተካክል።

ጥጋብ ራሱ ጉዳት የሚሆንባቸው ሰዎችም አሉ። የምግብ ፍላጎታቸው የቀነሰ አረጋውያን የጡንቻቸውን ጥንካሬ ለመጠበቅ ከወጣቱ የበለጠ ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ከቀረበላቸው ግን ቶሎ ጠግበው ሌላውን ይተዉታል። ለእነርሱ እንቁላሉን፣ ወተቱን፣ ወጡንና ገንፎውን ከፋፍሎ በትንሽ በትንሹ በቀን አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ማቅረብ፣ ቅቤና ዘይትንም አለመከልከል ይገባል። ክብደታቸው ያነሰ ሕፃናትም እንዲሁ ናቸው፤ የአጥሚቱ ወይም የገንፎው እህል ከጥራጥሬ ጋር ተፈጭቶ ዘይት ወይም ቅቤ ሲገባበት በትንሽ መጠን ብዙ ኃይል ይሰጣቸዋል፣ ክብደታቸው ካልጨመረ ደግሞ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል።