አሮጌ የጃፓን መኪና ቤት ውስጥ ስታድሱ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ቤት ውስጥ ለማደስ የሚመች መኪና የቱ ነው ብትሉኝ መልሴ አሮጌ ትንሽ የጃፓን መኪና ነው፣ ኮሮላ ዲኤክስ በሉት፣ ስታርሌት በሉት፣ ዳትሰን ሰኒ ወይ የመጀመሪያዎቹ ሲቪኮች። ኮፈኑን ስትከፍቱ ሞተሩ ዙሪያ እጅ የሚያስገባ ቦታ አለ፣ ኮምፒውተር ምናምን የለም፣ ሁሉም በቡሎን ታስሮ በቡሎን ይፈታል። እንዲህም ሆኖ ግን ተፈታተው፣ ሸራ ለብሰው፣ ዓመት ከዓመት የቆሙ ብዙ ናቸው፣ ያሳዝነኛል በእውነት። እና ባለቤቶቹን ስታናግሩ ሥራው የቆመው ብዙ ጊዜ ቅደም ተከተሉ ተበላሽቶ ነው፣ ቀለምና ቸርኬ ቀድሞ ፍሬንና ዝገት መጨረሻ ላይ ሲመጣ ሰው ተስፋ ይቆርጣል።

ሳይመረምሩ መፍታት

መኪናው በገባ ማግስት ሞተሩን አውርዶ፣ ዳሽቦርዱን ነቅሎ፣ ወንበሩን አውጥቶ መበተን አለ፣ ከዛ በኋላ መኪናው ምን ችግር እንደነበረበት የሚያውቅ ሰው አይኖርም። የሚሄድ ከሆነና ፍሬኑ ከያዘ መጀመሪያ ቀስ ብላችሁ ንዱት፣ የትኛው ማርሽ ላይ እንደሚዘል፣ ፍሬን ስትይዙ ወዴት እንደሚጎትት፣ ሲሞቅ ሚኒሞው (ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) እንዴት እንደሚሆን ጻፉት። ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረውን ግፊት) ለኩ፣ ሞተሩ ሞቆ፣ 4ቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ የኮይሉ መስመር ተነቅሎ፣ ቤንዚን መስጫው እስከ መጨረሻ ተረግጦ ነው የሚለካው። አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ በጣም ዝቅ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ የሞተር ዘይት ጠብ አድርጉና ድጋሚ ለኩ፣ ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ነው፣ ካልጨመረ ቫልቭ ወይ የቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ጋርኒሲዮን ጠርጥሩ። ይሄን ሳታውቁ ሞተር ማውረድ ትርጉም የለውም፣ ጤነኛ ሞተር ፈታችሁ ልትገጥሙ ትችላላችሁ።

ስትፈቱ ደሞ ፎቶ፣ ፎቶ፣ ፎቶ። እያንዳንዱ ዕቃ ቡሎኖቹ በራሱ ፌስታል ውስጥ ይግቡ፣ ላዩ ላይም ከየት እንደወጡ ይጻፍበት። የካቴና (የሞተሩ ሰንሰለት) ሽፋንና የውሃ ፓምፕ ቡሎኖች ርዝመታቸው እንደየቦታው ሊለያይ ይችላል፣ ረጅሙን አጭሩ ቀዳዳ ውስጥ አስገብታችሁ ብታጠብቁት አሉሚኒየሙ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከተቻለ ደሞ አንድ ክፍል ጨርሳችሁ ወደ ሌላው እለፉ፣ ፍሬን ከሆነ ፍሬን፣ ከዛ ማቀዝቀዣው፣ ከዛ ኤሌክትሪኩ፣ መኪናው ሁሌም በራሱ መንቀሳቀስ የሚችል ሆኖ እንዲቆይ። የሚንቀሳቀስ መኪና ይሰራል፣ የተበተነ መኪና ይቆማል፣ ደጋግሜ ያየሁት ይሄን ነው።

ዝገት ላይ ስቱኮ መለጠፍ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው ለኔ፣ ስለዚ ትንሽ ልቆይበት። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ነካ ነካ አድርጎ፣ ላዩ ላይ ስቱኮ ሞልቶ፣ ቀለም ቀብቶ መገላገል። ስቱኮ እርጥበት ይስባል፣ ከስር የቀረው ዝገት ደሞ እርጥበት ካገኘ ሥራውን አያቆምም፣ ስለዚ ቀለሙ ከላይ እያማረ ከውስጥ ላሜራው እየተበላ ይሄዳል፣ ቀለሙ ሲያብጥ የምታዩት ቀዳዳ ከመጀመሪያው ይሰፋል።

ዝገቱን መፈለግ ያለባችሁ ከሚታየው ቦታ ውጪ ነው። የፊት መስታወቱ የታችኛው ማዕዘኖች፣ መስታወቱን የሚይዘው ጎማ ስር፣ የባትሪ ማስቀመጫው፣ የኋላ ጎማ ቅስት ውስጠኛው ክፍል፣ ከበሩ ስር ያለው ደፍ፣ ወለሉ ምንጣፉ ስር፣ የሾካፕ ራስ የሚታሰርበት ቦታ። ከስር ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ቅብ ካለበት አትመኑት፣ ፍቁት፣ ብዙ ጊዜ ዝገቱን ደብቆ የያዘው እሱ ነው። ትንሽ ማግኔት ይዛችሁ ቦዲውን ዙሩት፣ የማይይዝበት ቦታ ስቱኮው ወፍራም ነው ማለት ነው።

መፍትሄው አንድ ነው፣ ጤነኛው ብረት እስኪገኝ ድረስ መቁረጥና አዲስ ላሜራ መበየድ። ለቦዲ ከ0.8 እስከ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ይበቃል፣ ከዛ በላይ ወፍራም ላሜራ ከቀጭኑ ጋር መበየድ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ብየዳው አንድ ላይ ተስቦ አይሄድም፣ ነጥብ ነጥብ እያደረጋችሁ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየዘለላችሁ፣ እስኪበርድ እየጠበቃችሁ ነው፣ አለዚያ ላሜራው ይጣመማል። ደፉን የምትቆርጡ ከሆነ ደሞ እነዚህ መኪኖች የተለየ ሻሲ የላቸውም፣ ቦዲው ራሱ ነው ሻሲው፣ ስለዚ ከመቁረጣችሁ በፊት የበሩን ክፍተት ከውስጥ በብረት ወጥሩት፣ የሁለቱንም ጎን ደፍ ደሞ በአንዴ አትቁረጡ። ይሄን ሳያደርግ የሰራ ሰው መጨረሻ ላይ በሩ አልገጥም ይለዋል። ከብየዳው በኋላ ባዶው ብረት ላይ መጀመሪያ ኤፖክሲ ፕራይመር፣ ከዛ ስቱኮ ለማስተካከያ ያህል ስስ አድርጎ፣ የተዘጉት ቦታዎች ውስጥ ሰም መርጨት፣ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን አለመድፈን።

ስለ ብየዳ አንድ ነገር በጣም አደራ። ብረቱን ለማጽዳት ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ አትጠቀሙ፣ ብየዳው ሲያገኘው ፎስጂን የሚባል መርዝ ጋዝ ይወጣዋል፣ በትንሹም ይገድላል። የቤንዚን ታንከሩ አጠገብ ከመበየዳችሁ በፊት ታንከሩን አውርዳችሁ አርቁት፣ ባዶ ነው ብላችሁ አትተዉት፣ ባዶው ታንከር ውስጥ ያለው ትነት ነው የሚፈነዳው። የባትሪውን ነጌቲቭ ንቀሉ።

ክሪክ ላይ ብቻ ተማምኖ ስር መግባት

እዚህ ላይ ብዙ አላወራም። ክሪክ ለማንሳት ነው፣ ለመያዝ ሁለት ጠንካራ ማቆሚያ ቦዲው በሚችልበት ቦታ ይግባ፣ ያልተነሱት ጎማዎች ላይ መከልከያ ይደረግ፣ ከዛ መኪናውን በእጃችሁ ገፋ ገፋ አድርጋችሁ ካልተነቃነቀ ነው ስሩ የሚገባው። ብሎኬት እንዳታደርጉ፣ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈረካከሰው።

ካቻቢቴና ቡሎን ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ብሎ ማሰብ

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የጃፓን ባለ መስቀል ስክሩ ከተለመደው ፊሊፕስ ጋር ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደለም፣ ጂስ የሚባል የራሱ ስታንዳርድ አለው፣ ብዙ ጊዜ ራሱ ላይ ትንሽ ነጥብ ታዩበታላችሁ። ተራ ፊሊፕስ ካቻቢቴ ጫፉ እስከ ታች አይገባለትም፣ ስትጠመዝዙ እየሸሸ ይወጣና ራሱን ይበላዋል፣ በተለይ ካርቡሬተር ላይ። የጂስ ካቻቢቴ ከሁሉም በፊት የሚገዛ ዕቃ ነው፣ ሌላው ስክሩ ላይም ስለሚሰራ አይከስርም።

የቡሎንም ነገር እንደዛው ነው። በአሮጌ ጃፓን መኪና ላይ 6 ሚሊሜትር ቡሎን ራሱ 10 ነው፣ 8ቱ 12፣ 10ሩ ደሞ 14 ቁልፍ ነው የሚይዘው። 13 ቁልፍ የሚፈልግ ቡሎን ካገኛችሁ ከናንተ በፊት ሌላ ሰው ቀይሮታል ማለት ነው፣ እዛ አካባቢ ሌላ ምን እንደተነካካ እዩ። የዘይት ግፊት ጌጅ ስትጨምሩም ይሄ ይመጣል፣ የሞተሩ ቀዳዳ የጃፓኑ 1/8 ሲሆን በአንድ ኢንች 28 ጥርስ ነው፣ የአሜሪካኑ 1/8 ግን 27 ነው፣ መጀመሪያ ሲገባ የገጠመ ይመስላል ከዛ ወይ ያፈሳል ወይ ብሎኩን ያበላሻል። አስማሚውን በትክክለኛው ጥርስ ፈልጉ።

ሁሉንም ጥፋት ካርቡሬተር ላይ መጣል

ሚኒሞ አልያዘም፣ ጉልበት ቀነሰ፣ ቤንዚን በላ፣ ወዲያው ካርቡሬተሩ ይፈታል፣ ባስ ሲል ትልቅ ካርቡሬተር ተገዝቶ ይገጠማል። ቆይ እስኪ። መጀመሪያ የቫልቭ ክፍተት ይስተካከል፣ 4ኬ የሚባለው የቶዮታ ሞተር ከሆነ ሞቆ እያለ የመግቢያው 0.20 የመውጫው 0.30 ሚሊሜትር ነው። ቀጥሎ ፑንቲናው (ለካንዴላው እሳት የሚያስነሳው መገናኛ)፣ ካንዴላው፣ የካንዴላ ገመዱ፣ ፋዙ (እሳቱ የሚመጣበት ሰዓት)። የእሳት ቅደም ተከተሉ 1-3-4-2 መሆኑን እዩ፣ ሁለት ገመድ ተቀያይሮ ሞተር ተፈቶ ያውቃል። ከዛ ከካርቡሬተሩ ስር ያለው ጋርኒሲዮንና የደረቁት ቀጫጭን የቫኪዩም ጎማዎች አየር እየሳቡ እንዳይሆን ፈትሹ። ይሄ ሁሉ ደህና ሆኖ ካስቸገረ ነው ካርቡሬተሩ የሚነካው። ትልቅ ካርቡሬተር ጄቱ (ቤንዚን የሚያሳልፈው ቀዳዳ) ለሞተሩ ካልተስተካከለ መኪናውን ያደነዝዘዋል፣ አያፈጥነውም።

ፍሬን ሳይሰራ ጉልበት መጨመር

ሞዲፊክ ስንል ሁሉም የሚያስበው ሞተር ነው፣ ይገባኛል። 4ኬን አውጥቶ 5ኬ መግጠም ከ1290 ሲሲ ወደ 1486 ሲሲ ያሳድጋል፣ ቤተሰቡም አንድ ስለሆነ ብዙ አያስቸግርም፣ ለጀማሪ ጥሩ ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ። 4ኤ-ጂኢ የሚባለው የቶዮታ ሞተር ግን ሌላ ዓለም ነው። ከፊት ጎማ ነጂ መኪና የወጣውን ለኋላ ጎማ ነጂው ኮሮላ ስትገጥሙ የውሃ መስመሩ፣ የማርሽ ሳጥኑ፣ የሞተር መቀመጫው ሁሉ ይቀየራል፣ ይሄን አስቀድሞ ያላሰበ ሰው ሞተሩ ወርዶ፣ አዲሱ ሳይገባ መኪናው ይቀራል።

በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ ፍሬን ይቀድማል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፣ አዲስ ዶት 3 (የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው) ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ እርጥበት የጠጣው ግን 140 አካባቢ ሊፈላ ይችላል፣ ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ወለል የሚነካው ያኔ ነው። ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ይቀየር፣ የጎማ ቱቦዎቹ ካበጡ ወይ ከተሰነጣጠቁ ይጣሉ፣ የኋላውን ታምቡር ከፍታችሁ ሲሊንደሮቹ እንዳያፈሱ እዩ። የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ የሚባል ሳምባ የሚጎዳ ነገር ሊኖርበት ስለሚችል አቧራውን በኮምፕሬሰር አትንፉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ነው፣ ከ3ና ከ4 ጋር አይደባለቅም።

ሞላ ቆርጦ ማውረድ

በእሳት የተቆረጠ ሞላ ጥንካሬውን ያጣል፣ በመጋዝ ቢቆረጥም አጥሮ ጎማው በአየር ላይ ሲንጠለጠል ከመቀመጫው ይወጣል፣ ጉድጓድ ላይ እንዲህ ሲሆን አስቡት። ለዛ መኪና የተሰራ አጭር ሞላ ከሚስማማው ሾካፕ ጋር ግዙ። የኋላው አክስል ላተራል ሮድ (ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘው ዘንግ) ካለው መኪናው ሲወርድ አክስሉ ወደ አንድ ጎን ይገፋል፣ አንዱ ጎማ ወደ ውጪ ሌላው ወደ ውስጥ የሚሆነው በዚህ ነው፣ ርዝመቱ የሚስተካከል ሮድ ያስፈልጋል። ሞላ ሲፈታ ደሞ ማጥበቂያ ሳይገባበት የላይኛውን ዳዶ አትንኩ፣ ፊት ላይ የሚመጣ ነገር ነው።

በድሮ ሽቦ ላይ አዲስ ጭነት

መቶ ዋት አምፖል ሁለት ገዝቶ መሰካት። 200 ዋት በ12 ቮልት ወደ 17 አምፔር ገደማ ነው፣ በብዙዎቹ አሮጌ መኪኖች ይሄ ሁሉ የሚያልፈው መሪው ስር ባለችው ትንሽ ማብሪያ ነው፣ ትቀልጣለች። ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ) ግጠሙ፣ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ አድርጉለት፣ ግን ብዙ የድሮ ቶዮታዎች የፊት መብራት የሚበራው በነጌቲቭ በኩል ስለሆነ ተራው የሪሌ ኪት እንዳለ አይሰራላቸውም፣ በቴስተር አረጋግጡ። እና እባካችሁ ሽቦ ጠምዝዞ በስኮች መጠቅለል ይቅር። መብራት ደብዘዝ ሲል፣ ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻው) ሲያቃስት አዲስ ዕቃ ከመግዛት በፊት ከሞተር ወደ ቦዲ የሚሄደውን የግራውንድ ገመድ ፈትታችሁ አጽዱ፣ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ቀለም ያለ መከላከያ መርጨት

ማጠንከሪያ የሚጨመርበት ባለ ሁለት ክፍል ቀለም ብዙ ጊዜ አይሶሳይኔት የሚባል ሳምባ የሚጎዳ ኬሚካል አለበት፣ የአቧራ ማስክ ምንም አያደርግለትም፣ ንጹህ አየር ከውጪ የሚሰጥ መከላከያ ነው የሚፈልገው። ያ ከሌላችሁ ማዘጋጀቱን፣ ፍቂያውን፣ አይሶሳይኔት የሌለበትን ፕራይመር እናንተ ስሩና መጨረሻውን ለቀለም ቤት ስጡት። ሳምባ አስም ከያዘው በኋላ የሚመለስ ነገር የለም።

ቸርኬ በዓይን መግዛት

4 ቀዳዳ ስለሆነ ብቻ አይገጥምም። የኋላ ጎማ ነጂው ዲኤክስ 4 በ114.3 (4 ቀዳዳ፣ ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብ 114.3 ሚሊሜትር) ሲሆን በፈረንጆች ከ1983 ጀምሮ የመጡት የፊት ጎማ ነጂ ኮሮላዎች 4 በ100 ናቸው። የቶዮታ ዳዶ 12 በ1.5 (12 ሚሊሜትር ውፍረት፣ በጥርሶቹ መካከል 1.5 ሚሊሜትር) ነው፣ የኒሳን 12 በ1.25፣ በግድ ከጠበቀ ቡሎኑን ይበላዋል። የዳዶው መቀመጫም ይለያል፣ የብረቱ ቸርኬ ሾጣጣ ነው፣ አንዳንድ የቶዮታ ኦሪጅናል አሉሚኒየም ቸርኬ ደሞ ጠፍጣፋ ይፈልጋል፣ ሾጣጣውን እዛ ላይ ካሰራችሁት አይይዝም። ጎማውንም ጥርሱን ብቻ አይታችሁ አትመኑ፣ ጎኑ ላይ ያለውን 4 አሃዝ አንብቡ፣ 2319 ካለ በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሰራ ነው። ቸርኬው ከተገጠመ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ነድታችሁ ዳዶዎቹን ሲበርዱ በቶርክ ቁልፍ ድጋሚ አጥብቋቸው።