ከባንድ ወጥቶ ብቻን መጫወት፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ የሮክ ጊታሪስቶች

ባንድ ውስጥ ፓወር ኮርድ (ሁለት ኖታ ብቻ ያለው ኮርድ) በዲስቶርሽን፣ ማለትም ድምፁን በሚያሻክረው ኢፌክት፣ ሲመታ የሚሞላው ሥሩ ቤዝና ድራም ስላለ ነው። ብቻችሁን ስትቆሙ ያው ኮርድ ይሳሳል። ብዙዎች ያኔ ዲስቶርሽን ይጨምራሉ፤ ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። ዲስቶርሽን ሲበዛ ሦስት አራት ኖታ ያለው ኮርድ ይደፈርሳል። ጌይኑን (የዲስቶርሽኑን መጠን) ከለመዳችሁት ወደ ግማሽ አውርዱና ክፍተቱን በአውራ ጣት ሙሉት።

ለዚህ የወሎ ቅኝት የተመቸ ነው። አምባሰልን ከወፍራሙ ሚ ክር ጀምሩ፦ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ። ስድስተኛውን ክር ክፍቱን (በግራ እጅ ሳትጫኑት) በአውራ ጣት እየመታችሁ ዜማውን በሦስቱ ቀጫጭን ክሮች ተጫወቱ። ከዚያ ኖታዎቹን ሳትነኩ አውራ ጣታችሁን ወደ አምስተኛው ክር፣ ወደ ላ፣ አዛውሩና ዜማውን ላ ላይ አሳርፉት፤ ትዝታ ማይነር ሆነ። በሁለት ክፍት ክር ሁለት ቅኝት፣ ያለ ቤዝ ተጫዋች! ይህ እጃችሁ ሳይገባ ሉፕ ፔዳል (የተጫወታችሁትን ቀርጾ እየደጋገመ የሚያሰማ መርገጫ) አትግዙ።

ሉፕ ፔዳሉ ከሌሎቹ ፔዳሎች ሁሉ መጨረሻ ይሁን። ከዲስቶርሽኑ በፊት ከገባ የቀረጻችሁት ሁሉ አንድ ላይ ተፈጭቶ ይወጣል። ዲስቶርሽኑ የአምፕሊፋየሩ የራሱ ከሆነ፣ ከጀርባው ሴንድና ሪተርን (ድምፁ ወደ ፔዳል የሚወጣባቸውና የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች) ካለ እዚያ መሃል አስገቡት። የችክችካን ምት እስከ 6 እየቆጠራችሁ 4 ዙር ቅረጹ። ቀረጻውን ለመዝጋት ፔዳሉ የሚረገጠው በቀጣዩ 1 ላይ ነው፤ 6 ላይ ከተረገጠ ያጥራል፣ ከ1 ካለፈ በየዙሩ ያነክሳል። መጀመሪያ የታፈነ ክር ምት፣ ቀጥሎ ቤዝ፣ ከዚያ ኮርድ። ከሦስት አትለፉ፤ ዜማውን በቀጥታ ተጫወቱት።

ለመጀመሪያ መድረክ 6 ዘፈን፣ 30 ደቂቃ ይበቃል። መብራት ቢጠፋ ዝግጅቱ እንዳይቆም ሁለቱን በአኩስቲክ ጊታር አዘጋጁ።

ከባንዱ ጋር የሠራችሁትን ዘፈን ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ግጥሙና ዜማው የማን እንደሆነ ተነጋግራችሁ ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ መብቱን የሚሰጠው ለአመንጪው ነው፤ ጊታሩን መጫወታችሁ ብቻ የዜማው ባለቤት አያደርጋችሁም።

የደሴ ጊታሪስት ኮምቦልቻ ሲወርድ ጊታሩ መቃኘቱን አይመን። ኮምቦልቻ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ የብረት ክር ሲሞቅ ይላላና ድምፁ ይወርዳል። ስትደርሱ ሳጥኑን ከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል አቆዩት፣ ከዚያ ቃኙ። ወደ ደሴ ስትመለሱ ተቃራኒው ነው፤ ክሩ ይከራል።