ዘመድ ጥየቃ ሌላ ከተማ ሲሄዱ ከግሉተን ነፃ ምግብ ቤት እንዴት ይገኛል?

ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና በመሳሰሉት እህሎች ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። እሱን የማይበላ ሰው ፍለጋው ከመንገዱ በፊት ይጀመር። ቤተሰብ ተሰብስቦ «የት እንብላ?» ከተባለ በኋላ ስልክ መጎርጎር ጊዜው ያለፈበት ነው፤ የራበው ሰው በቅርብ ያገኘው ቤት ይገባል።

በመጀመሪያ የዘመድዎን ሰፈር ካርታ ላይ ያስቀምጡና በዙሪያው «ከግሉተን ነፃ» ብለው በከተማው ቋንቋ ይፈልጉ። «ፋይንድ ሚ ግሉተን ፍሪ» የተባለው መተግበሪያም ይረዳል። አስተያየቶቹን ከአዲሱ ጀምረው ያንብቡ፤ ሴሊያክ (ግሉተን ሲበላ አንጀትን የሚጎዳ በሽታ) ያለባቸው ሰዎች የጻፉትን ያስቀድሙ። የቆየ ምስጋና ብዙም አያስተማምንም፤ ምግብ አብሳዩ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።

ሦስት አራት ቤት ከመረጡ በኋላ ይደውሉ፤ ከምሳው ግርግር በኋላ፣ ከእራት በፊት። ዋናው ሥራ ይህ ነው። «ከግሉተን ነፃ ምግብ አላችሁ?» ቢሉ መልሱ «አዎ» ብቻ ነው። ይልቅ እንዲህ ይጠይቁ፦

«ድንቹ የሚጠበስበት ዘይት ዱቄት የተለወሰ ነገርም ይጠበስበታል?» ድንች ግሉተን የለውም፤ ዘይቱ ውስጥ የቀረው የዱቄት ፍርፋሪ ግን አለው፤ ሙቀትም አያጠፋውም።

«ሾርባውና ሶሱ የሚወፍረው በምንድን ነው?» ብዙ ጊዜ በስንዴ ዱቄት ነው። የተለመደው የአኩሪ አተር ሶስም ስንዴ አለው።

«የሩዝ ፓስታው በተለየ ድስት፣ በአዲስ ውሃ ነው የሚቀቀለው? መክተፊያውስ?»

ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ የሚያወጣው ኮዴክስ «ከግሉተን ነፃ» ለሚባል ምግብ ያስቀመጠው ጣሪያ በኪሎ 20 ሚሊግራም ግሉተን ነው፤ ፍርፋሪ ቀላል ነገር አይደለም። «ቆዩ፣ ወጥ ቤት ልጠይቅ» የሚል ቤት ደህና ምልክት ነው። ጥያቄው ሳያልቅ «ችግር የለም» የሚለውን ይሰርዙት።

ከዚያ ሁለት ስም ለጋባዡ ዘመድ ይላኩ፤ «ከእነዚህ የምትወዱትን ምረጡ» ማለት «እዚያ አልበላም» ከማለት ይሻላል፤ ማንንም አያስቀይምም።

ገበታ ላይ ሲቀርቡ ለአስተናጋጁ ራስዎ ይንገሩ፤ ሳህኑ ሲመጣም ደግመው ያረጋግጡ። ሰላጣው ላይ የተጠበሰ ዳቦ ተቆራርጦ ከመጣ፣ ዳቦውን አንስተው የቀረውን ሰላጣ አይብሉ፤ ፍርፋሪው ቅጠሉ ውስጥ ገብቷል። ሌላ ይዘዙ፤ አዲሱ እስኪመጣ ግን የመጀመሪያውን ሳህን ከጠረጴዛው አያስነሱ፤ ያለዚያ ዳቦው ብቻ ተለቅሞ ያው ሳህን ሊመለስ ይችላል።