ለይለፍ ቃል ብላችሁ ሁሉንም ሥልጣን አትስጡ

ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ የፍኖተ ሰላምንና የቡሬን ቅርንጫፎቻችንን የሠራተኞችን አካውንትና ፈቃድ በአንድ ቦታ በሚይዘው የማይክሮሶፍት ሥርዓት፣ በአክቲቭ ዳይሬክተሪ፣ አስተዳድራለሁ። የቡሬው ባለሙያ የተረሳ የይለፍ ቃል እንዲቀይር ብቻ ከሆነ በሁሉም ላይ ሙሉ ሥልጣን ባለው «ዶሜይን አድሚንስ» ቡድን ውስጥ አታስገቡት። ውኃ ለጠየቀ እንግዳ የጎተራ ቁልፍ አይሰጥም።

«የቡሬ እርዳታ» የሚል ቡድን ፍጠሩና ሰውየውን እዚያ ጨምሩት፤ ፈቃድን በግለሰብ ስም መስጠት ሠራተኛ በተዛወረ ቁጥር ጣጣ ነው። ከዚያ በአክቲቭ ዳይሬክተሪ ውስጥ የቡሬ ሠራተኞች አካውንት ያለበትን ክፍል (ኦርጋናይዜሽናል ዩኒት) በመዳፊቱ ቀኝ ቁልፍ ተጫኑና «ዴሊጌት ኮንትሮል» (ሥልጣን ማካፈያ) የሚለውን ምረጡ። ቡድኑን አስገቡ፤ ከሚመጣው ዝርዝር ላይ የይለፍ ቃል ማደሻውን ብቻ ምልክት አድርጉበት። ሌላው ሁሉ ያጓጓል፤ እለፉት።

ይህ ቡድን የዋና አስተዳዳሪዎችን የይለፍ ቃል ግን አይነካም፤ አካውንታቸው በዚያው ክፍል ቢገኝም ሲስተሙ በየ60 ደቂቃው በአካውንታቸው ላይ የተሰጠውን ፈቃድ እየፈተሸ ወደ ነበረበት ይመልሳል። እናንተም ኢሜይል የምታነቡበትን አካውንት ከምታስተዳድሩበት ለዩ።