ክረምት ላይ ኦርኪድ ፍለጋ ስትወጡ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

የመጀመሪያው መስከረምን መጠበቅ ነው። «ዝናቡ ያባራና እንወጣለን» ይባላል። መሬት ላይ ከሚበቅሉት የደጋ ኦርኪዶቻችን ብዙዎቹ ግን የሚያብቡት ዶፉ ሲወርድ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። በጋ ሲገባ ቅጠላቸው ይደርቃል፤ አፈር ውስጥ ድንች የመሰለች ሥር ብቻ ትቀራለች። ቦቲ ጫማ አድርጉና በጭቃው ውጡ።

ሁለተኛው ዓይናችን የአበባ መሸጫውን ኦርኪድ መፈለጉ ነው። የዚያ ትልቅ ሐምራዊ አበባ አገሩ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። ሃቤናሪያ የምትባለው የኛዋ ኦርኪድ አረንጓዴና ነጭ ናት፤ ሣር መሃል ቆማ ሣር ትመስላለች። መናገሻ ሱባ ጫካ ውስጥ አንዷን ሦስት ጊዜ አልፌያታለሁ። ጎንበስ ብዬ ሳያት ከእያንዳንዷ አበባ ጀርባ ቀጭን ጭራ ተንጠልጥሏል። ብርሃን ሲያልፍበት ውስጡ ያለው ጣፋጭ ፈሳሽ እስከየት እንደሞላ ይታያል። ረጅም ምላስ ላለው የእሳት እራት የተቀመጠ ድግስ ነው።

ከዚያ ደግሞ እንሶስላ አለች። «ኦርኪድ አገኘሁ!» ተብሎ ከሚላክልኝ ፎቶ ብዙው የእሷ ነው። አይፈረድም፤ ጅረት ዳር ነጭ ትልቅ አበባ፣ ጉሮሮዋ ቀላ ያለ፣ ከኋላዋ ረጅም ጭራ። ግን እጅና እግር የሚሞቅባት እንሶስላ ናት። ቅጠሏን እዩ፦ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ አለው፣ ጅማቱም እንደ መረብ የተጠላለፈ ነው። የኦርኪድ ቅጠል ጠርዙ ልሙጥ ነው፤ ጅማቶቹ እንደ በቆሎ ቅጠል ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

ዛፍ ላይ የበቀለውን ሁሉ ተቀጽላ ማለትም ስህተት ነው። ተቀጽላ ሥሩን ዛፉ ውስጥ ሰድዶ ይመጠምጣል። ኦርኪድ ቅርፊቱ ላይ ተቀምጦ ውሃውን ከዝናብና ከጉም ያገኛል። ዛፉን አድናለሁ ብላችሁ አትፋቁት።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ መንቀሉ ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። ከዓመታት በፊት አንዷን ከነአፈሯ በፌስታል ይዤ ቤት ገባሁ። ውሃ አልነፈግኳትም። በሚቀጥለው ክረምት ጣሳው ውስጥ አፈር ብቻ ነበር። ኦርኪድ ያለ ፈንገስ አይሆንለትም። ዘሩ እንደ ዱቄት የደቀቀ፣ ስንቅ ያልያዘ ስለሆነ አፈሩ ውስጥ ያለው ፈንገስ ካልመገበው አይበቅልም። ያን ጓደኛውን በፌስታል ይዞ መሄድ አይቻልም።

ስለዚህ ፎቶ አንሱ፦ አበባዋን ከፊትና ከጎን፣ ከዚያም ቅጠሏን። ከመንበርከካችሁ በፊት ግን ጉልበታችሁ የሚያርፍበትን እዩ። ገና ያላበቡት ትናንሾቹ ብዙ ጊዜ እዚያው አጠገቧ ናቸው።