ልጄ ኦቲዝም ይኖርበት ይሆን? አፉን ብቻ ሳይሆን ጣቱንም እዩ

ልጁ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ አያወራም። ስሙን ስትጠሩት ዞር አይልም። አያት «ተዉት፣ አባቱም ዘግይቶ ነው አፉን የፈታው» ይላሉ። ጎረቤት «ወንድ ልጅ ይዘገያል» ይላል። እናንተ ደግሞ ሌሊት ስልካችሁ ላይ «ኦቲዝም» ብላችሁ ጽፋችሁ፣ ግማሹን አንብባችሁ ዘግታችሁታል። ኦቲዝም ልጅ ከሰው ጋር የሚግባባበትንና የሚጫወትበትን መንገድ የሚለይ የአንጎል ዕድገት ልዩነት ነው።

«ነው ወይስ አይደለም» የሚለውን ቶሎ መስማት እንደምትፈልጉ ይገባኛል። እሱን ግን እኔም፣ ጉግልም፣ ጎረቤትም አንነግራችሁም። በእናንተ እጅ ያለው ምልክቱን በደንብ ማየት፣ ጆሮውን ማስመርመር፣ ወረፋ መያዝ፣ ወረፋው እስኪደርስ ደግሞ ቤት ውስጥ መጀመር ነው። ይሄን ሁሉ ለማድረግ «ነው» እስኪባል መጠበቅ አያስፈልግም።

ምን ልይ?

አብዛኛው ወላጅ የሚጠብቀው ቃል ነው። «እማ» አለ ወይ፣ «አባ» አለ ወይ። የንግግር መዘግየት ብቻውን ግን ብዙ አይናገርም። ዘግይተው አውርተው ምንም ያልሆኑ ልጆች ሞልተዋል። እኔ መጀመሪያ የማየው ጣቱን ነው። ልጅ ቃል ሳይኖረው በጣቱ ያወራል። አውሮፕላን ሲያልፍ ይጠቁምና ዞሮ ፊታችሁን ያያል፣ «አያችሁት?» ማለቱ ነው። ውሻ ያሳያችኋል፣ ያገኘውን ቆርኪ ሳይቀር አምጥቶ ያሳያችኋል። ምንም አልፈለገም፣ እንድታዩለት ብቻ ነው። ይሄ ነገር በ18 ወር ገደማ ካልመጣ ማየት የሚገባው ሰው ይየው። እና ልብ በሉ፣ እጃችሁን ይዞ ወደ ፍሪጁ መጎተት መጠቆም አይደለም። እሱ እጃችሁን እንደ መሣሪያ መጠቀም ነው፣ ራሱ አንዱ ምልክት ነው።

ቀጥሎ ስሙን። ከኋላው ሁናችሁ፣ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ፣ ረጋ ብላችሁ ጥሩት። ሳትነኩት፣ ብስኩት ሳታሳዩት። አንድ ዓመት የሞላው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ዞር ይላል። ለስሙ የማይዞር ልጅ የብስኩት ላስቲክ ኮሽ ሲል ከሌላ ክፍል ሮጦ ከመጣ፣ ቢያንስ ጥቂት ነገር እየሰማ ነው ማለት ነው። (ሙሉ በሙሉ ይሰማል ማለት ግን አይደለም፣ ወደ ጆሮው እመለሳለሁ።)

ሦስተኛው እቃቃ ነው። ልጅ ሁለት ዓመት ሲያልፈው በባዶ ሲኒ ቡና ይቀዳላችኋል፣ አሻንጉሊቷን ያጎርሳል፣ የሳሙና ዕቃ ጆሮው ላይ ለጥፎ «ሄሎ» ይላል። የማስመሰል ጨዋታ ጨርሶ ከሌለ፣ መኪናውን ገልብጦ ጎማውን ብቻ ሲያሽከረክር የሚውል ከሆነ፣ ክዳኖችን ደርድሮ አንዱን ስታነሱበት ቤት የሚያናጋ ከሆነ ጻፉት።

ዐይን ማየትን በተመለከተ የእኛ አገር ነገር ትንሽ ያምታታል። ትልቅ ሰውን ፊት ለፊት አለማየት ጨዋነት ነው ብለን ነው ያደግነው፣ ስለዚህ አንዳንድ ቤተሰብ «ዓይን አፋር ነው፣ ጨዋ ልጅ ነው» ብሎ ያልፈዋል። የሁለት ዓመት ልጅ ግን ገና ጨዋነት አልተማረም። እያሳቃችሁት፣ እያጎረሳችሁት፣ እየዘፈናችሁለት ፊታችሁን የማይፈልግ ከሆነ ዓይን አፋርነት አይደለም።

እጅ ማርገብገብ፣ በጣት ጫፍ መሄድ፣ ዙሪያውን መሽከርከር፣ የብሌንደር ድምፅ ሲሰማ ጆሮ ይዞ መጮህ፣ ነጭ ምግብ ብቻ መብላት። እነዚህ አንዳንዶቹ በማንኛውም ልጅ ላይ ይታያሉ። አንዱን አይታችሁ አትደንግጡ። ከላይኞቹ ጋር ሲደመሩ ነው የሚከብዱት። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ በይበልጥ አስተውሉ፤ ሴቶች ላይ ምልክቱ ስለሚደበቅ «ዝምተኛ ናት» ተብሎ ይታለፋል።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮም ምክርም አይጠብቅም። የነበረው ቃል ከጠፋ፣ «ቻው» ይል የነበረ እጅ ከቆመ፣ ይስቅ የነበረ ልጅ ከተዘጋ፣ ዕድሜው ስንትም ይሁን በዚያው ሳምንት ሐኪም ይየው።

እንግሊዝኛ ብቻ የሚያወራው ልጅ

ይሄ አሁን አዲስ አበባ ውስጥ በየቤቱ አለ፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ልጁ ሦስት ዓመቱ ነው። ፊደላቱን በእንግሊዝኛ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይወርዳል፣ እስከ መቶ ይቆጥራል፣ ቀለሞቹን ሁሉ ያውቃል፣ ዘዬው የፈረንጅ ነው። ዘመድ ሲመጣ «እስቲ አሰሙት» ይባላል፣ ይጨበጨባል። ውሃ ሲጠማው ግን «ውሃ» አይልም። ያለቅሳል። «ማነው ስምህ?» ሲባል «ማነው ስምህ» ብሎ መልሶ ይላል። ካርቱኑ ላይ የሰማውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ፣ ከነዜማው፣ ያለ ቦታው ይደግማል።

እዚህ ላይ ጥያቄው በስንት ቋንቋ ያወራል አይደለም። ቋንቋውን ለሰው ይጠቀምበታል ወይ? ነው። ይጠይቅበታል? ያሳይበታል? ይጣላበታል? መቁጠርና መናገር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ዩቲዩብ ኦቲዝም አያመጣም፣ ይሄን ግልጽ ላድርግ። ግን ቀን ሙሉ ስልክ የያዘ ልጅ ከሰው ጋር የሚለማመድበት ሰዓት ያንሰዋል፣ ንግግሩም ሊዘገይ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ስክሪን ጨርሶ አይመክርም፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት አይበልጥ ይላል። ስለዚህ ስልኩን ቀንሱና እዩት። እያያችሁ ግን ቀጠሮውንም ያዙ። «ስልኩን እናስትወው፣ ከዚያ ይስተካከላል» እያሉ ዓመት የሚያልፍበት ቤት ብዙ ነው።

ሌላው ደግሞ፣ ሐኪም ወይም አስተማሪ «ሁለት ቋንቋ ግራ አጋብቶታል፣ እንግሊዝኛ ብቻ አውሩት» ቢላችሁ አትቀበሉ። ሁለት ቋንቋ ኦቲዝም አያመጣም። እናንተ በሚቀናችሁ ቋንቋ፣ እሹሩሩ በምትሉበት ቋንቋ አውሩት። አያቱ ኦሮምኛ ወይም ጉራጊኛ ካወሩት እሰየው።

ወደ ሐኪም ከመሄዳችሁ በፊት

ስልኩ አሁን ይጠቅማል። አንድ ሁለት ደቂቃ የሆኑ ቪዲዮዎች ቅረጹ፦ ስሙ ሲጠራ፣ ብቻውን ሲጫወት፣ ሲበላ፣ ከሌሎች ልጆች ጋር ሲሆን፣ ሲበሳጭ። ሐኪሙ ክፍል ውስጥ ልጁ ወይ ተኝቶ ይሆናል ወይ በለቅሶ ክፍሉን ያናጋዋል፣ ቤት ያለውን ልጅ ማሳየት የምትችሉት በዚህ ብቻ ነው።

ቀን ሙሉ ልጁን የምትይዘውን ሠራተኛ ወይም ሞግዚት ጠይቋት። እሷ ከእናንተ በላይ ታያለች። ግን እንደ ምርመራ አታስመስሉት። «ምን አድርገሽው ነው» የሚል ድምፅ ከሰማች ምንም አትነግራችሁም። «ምን ምን ያስደስተዋል? ምን ሲሆን ያለቅሳል? ሲፈልግ እንዴት ነው የሚነግርሽ?» በሏት።

ኤም ቻት የሚባል 20 የአዎ/አይደለም ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አለ፣ ከ16 እስከ 30 ወር ለሆኑ ሕፃናት፣ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ውጤቱ 0–2 ከሆነ ስጋቱ ዝቅተኛ፣ 3–7 መካከለኛ፣ 8 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ነው ይባላል። ይሄ ማጣሪያ ነው፣ ፍርድ አይደለም። 9 ያመጣ ልጅ ኦቲዝም ላይኖርበት ይችላል፣ 2 ያመጣም ሊኖርበት ይችላል። ሙሉትና በወረቀት አትማችሁ ይዛችሁት ሂዱ።

የክትባት ካርዱን ያዙ። እንዴት እንደተወለደ፣ ሲወለድ ወዲያው አልቅሶ እንደሆነ፣ ቢጫ ሆኖ ወይም አንቀጥቅጦት እንደሆነ፣ መቼ እንደተቀመጠና እንደሄደ ወረቀት ላይ ጻፉ። ይጠየቃል፣ በዚያ ሰዓት ደግሞ ይጠፋችኋል።

የት ልሂድ?

በመጀመሪያ ጆሮ። አንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ የመስማት ምርመራ ይደረግለት። ደጋግሞ ጆሮው የሚያመው ወይም በደንብ የማይሰማ ልጅ ኦቲዝም ያለበት ሊመስል ይችላል። ቤት ውስጥ ድስት አንኳኩታችሁ «ሰማ» ብላችሁ አትለፉ፣ ድስት የሚሰማ ልጅ የሰው ንግግር ሊያመልጠው ይችላል።

ከዚያ የሕፃናት ሐኪም። በመንግሥት መንገድ ከሄዳችሁ ከቀበሌያችሁ ጤና ጣቢያ ጀምራችሁ ሪፈር አጽፉ፣ የጤና መድኅን ካላችሁ ደግሞ ያለ ሪፈር መሄድ ለክፍያ ያጋልጣል። መሀል ከተማ ላለ ሰው የካቲት 12 ሆስፒታል፣ ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ጋ፣ የሕፃናትና ወጣቶች የአእምሮ ጤና አገልግሎት አለው። ቅዱስ ጳውሎስም አለ። «የአእምሮ» የሚለውን ቃል ሰምታችሁ አትሽሹ። ልጃችሁን አበደ ያለ የለም፣ ክፍሉ እዚያ ስለሆነ ነው።

ኦቲዝምን የሚያሳይ የደም ምርመራም፣ ኤምአርአይም የለም። ባለሙያው የሚያውቀው ልጁን በማየትና እናንተን በመጠየቅ ነው። ልጁ የሚጥል ነገር ወይም ሌላ የተለየ ምልክት ሳይኖረው ውድ የጭንቅላት ምርመራ ሲታዘዝ «ምን ለማየት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። በተቃራኒው አምስት ደቂቃ አይቶ «ይተወዋል» ያለ ሐኪም ካጋጠማችሁ ሌላ ሐኪም ፈልጉ። ስትወጡ የምትጠይቁት «እስከ ቀጠሮው ምን እናድርግ?» ብላችሁ ነው።

ማዕከላትም አሉ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የኦቲዝም ልጅ እናት ነበሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፣ በ2021 እስኪያርፉ ድረስ በየመድረኩ ስለነዚህ ልጆች ሲናገሩ ኖሩ። ዛሬ ብዙዎቻችን ቃሉን የምናውቀው በእሳቸው ነው። በወላጆች የተመሠረተው ነህምያም አለ። ቦታ ወዲያው ይገኛል ብላችሁ አትጠብቁ። ስማችሁን አስመዝግቡና እዚያ ያሉ ወላጆችን ተዋወቁ። የትኛው የንግግር ቴራፒስት ልጅ እንደሚይዝ፣ የትኛው ኬጂ በሩን እንደማይዘጋ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ጸበል፣ ክትባት፣ ሻጮች

ጸበል መውሰድ ወይም ሩቅያ ማስቀራት የእናንተ ጉዳይ ነው፣ ማንም አይከለክላችሁም። ሁለት ነገር ብቻ። ለሚጥል በሽታ መድኃኒት ተጀምሮ ከሆነ እንዳይቋረጥ፤ የሚጥል በሽታ ከኦቲዝም ጋር አብሮ መገኘቱ ያልተለመደ አይደለም፣ መድኃኒቱን ድንገት ማቆም ደግሞ አደገኛ ነው። ሌላው፣ ልጁ ድንገተኛ ቀዝቃዛ ውሃና የሰው ጩኸት የሚያሸብረው ከሆነ ለአጥማቂው አስቀድማችሁ ንገሩ። በውሃ ድንጋጤ የሚጮኽ ልጅ ሁሉ «ጋኔን አለበት» መባል የለበትም።

ክትባት አያመጣውም። ወሬውን ያስነሳው እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ አንድ ጽሑፍ ነው፣ መጽሔቱ ራሱ በ2010 ሰርዞታል። ብዙ ወላጅ የሚያገናኘው ለምን እንደሆነ ግን ግልጽ ነው፦ ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በ15 ወር ነው የሚሰጠው፣ ምልክቱ ጎልቶ የሚታየውም በዚያው ሰሞን ነው። እናት አቀዝቅዛው፣ አባት ረግሞት፣ ጎረቤት በልታው የመጣም አይደለም። በአብዛኛው ከዘር የሚነሳ፣ አንጎል ገና ሲሠራ የሚጀምር ነገር ነው።

«በሦስት ወር እናድነዋለን» ብሎ ቫይታሚን፣ ስቴም ሴል የሚባል የሕዋስ ሕክምና ወይም ከሰውነት «መርዝ ማውጫ» የሚሸጥላችሁ ካለ ብራችሁን ያዙ። አንዳንዱ ልጅም ይጎዳል።

ወረፋው እስኪደርስ

መሬት ተቀመጡ። ልጁ የሚያየውን እዩ፣ የሚያየውን ጥሩለት። ጎማ ሲያሽከረክር «ተው» ከማለት አብራችሁ አሽከርክሩና «ዞረ! ዞረ! ቆመ» በሉ። ዓረፍተ ነገር አታብዙ፤ «ውሃ»፣ «ና»፣ «በቃ» ይበቃል። የሚወደውን ነገር የሚያየው ግን የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡና ጠብቁ። ቶሎ አትስጡ፣ ግን እስኪያለቅስም አታቆዩት። ዐይኑን ወይም እጁን ወደ እናንተ ሲልክ ቃሉን ተናግራችሁ ስጡት። ልጁ ሳይጠይቅ ሁሉ ነገር አፉ ላይ የሚደርስለት ቤት፣ በተለይ አያት ባሉበት፣ የመጠየቅ ምክንያት የለውም።

ከቤት ስትወጡ የሚሆነውን በሥዕል አሳዩት። ጫማ፣ ታክሲ፣ ሐኪም ቤት፣ ቤት። ሥዕሉ ቆንጆ መሆን የለበትም። ለኮሪደር ልማት መንገዱ በሚቆፈርበት ሰፈር ከሆናችሁ የጆሮ መከለያ ይርዳው፣ ወይም ጠዋት ከጩኸቱ በፊት ውጡ። የሚሮጥ ልጅ ከሆነ ስልክ ቁጥራችሁን ልብሱ ውስጥ ጻፉ፣ ለግቢው ጥበቃና ለሱቁ ባለቤት «ብቻውን ካያችሁት ያዙልኝ» ብላችሁ ንገሩ። ደብቆ ማሳደግ ያኔ ነው ዋጋ የሚያስከፍለው።

ለአያት ክርክር አትግጠሙ። «እማዬ፣ ከዘገየም ምንም የለው፣ ግን ጆሮውን እናሳየው» በሏቸው። ጆሮን ማንም አይቃወምም፣ እግር ከወጣ ቀሪው ይከተላል።

ምርመራው «ኦቲዝም አይደለም» ካለ ደግሞ «ታዲያ ምንድን ነው?» ብላችሁ ሳትጠይቁ አትውጡ። ንግግሩ ከዘገየ ያው የንግግር እገዛ ይፈልጋል። ከስድስት ወር በኋላ ጣቱ አሁንም ካልጠቆመ፣ ቪዲዮዎቹን እንደገና ቅረጹና ተመለሱ።